ስኳር ያለባቸው ወላጆቻችንና ሬቲና



ብዙዎቻችን ስኳር ያለበት አባት፣ እናት ወይም አያት አለን። ቤት ስንደውል መድኃኒት መውሰዳቸውን እንጠይቃለን፤ እግራቸው ላይ ቁስል እንዳይወጣም እናሳስባለን። ስለ ዓይናቸው ግን «ደህና ያያሉ» ብለን እናልፋለን። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያቺው «ደህና ያያሉ» የምትለው ቃል ናት።

ሬቲና የዓይናችንን የውስጥ ጀርባ የሸፈነ፣ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ስስ ሽፋን ነው። ብርሃን ተቀብሎ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል መልእክት ይልካል። መሃሉ ላይ ማኩላ የምትባል ትንሽ ቦታ አለች፤ ፊደል የምናነበው፣ የሰው ፊት የምንለየው በእርሷ ነው።

ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ሬቲናን የሚመግቡትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያዳክማል። አንዳንዶቹ እንዳረጀ ቱቦ ፈሳሽ ያንጠባጥባሉ፤ በዚህ ማኩላ ካበጠ እይታ ይደበዝዛል። ሌሎቹ ይደፈናሉ። ደም ያነሰው ሬቲና ታዲያ አዳዲስ ሥሮች እንዲበቅሉ ያደርጋል። መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን አዲሶቹ ሥሮች ደካማ ስለሆኑ በቀላሉ ይደማሉ፣ ጠባሳቸውም ሬቲናውን ጎትቶ ከቦታው ሊያላቅቀው ይችላል።

ክፋቱ፣ ይህ ሁሉ ሲሆን ሕመም የለም፣ የዓይን መቅላት የለም። ማኩላ እስካልተነካ ድረስ ሰውየው እንደ ወትሮው ያነባል፣ መንገዱንም ያያል። መደብዘዝ ሲጀምርም «እርጅና ነው»፣ «ሞራ ነው»፣ «መነጽር ይቀየርላቸው» ይባላል። የሬቲናን ጉዳት ግን መነጽር አያስተካክለውም።

ስለዚህ ምርመራው እይታ ሳይቀንስ መደረግ አለበት። ዓይነት ሁለት ስኳር ያለበት ሰው ሕመሙ እንደታወቀ፣ ዓይነት አንድ ያለበት ደግሞ በአምስት ዓመት ውስጥ መታየት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ። ስኳር ያለባት ሴት ካረገዘች በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ትታይ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፊደል አንብቦ መመለስ አይበቃም፤ የዓይን ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ተደርጎ የዓይን ጀርባ መታየት አለበት። ጠብታው ለሰዓታት ብርሃን እንዲያስቸግራቸውና የቅርቡ ነገር እንዲደበዝዝባቸው ያደርጋል፤ እጃቸውን ይዞ የሚመልስ ሰው ያስፈልጋቸዋል። ለዕረፍት ቤት ስንገባ ለዚህ ከእኛ የተሻለ ማን አለ?

ጠብታው ፆም ያፈርስብኛል ብሎ በረመዳን ቀጠሮውን የሚተው ሰው ይኖራል። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ፣ ወደ ጉሮሮ የደረሰውን ከመዋጥ እስከተጠነቀቁ ድረስ የዓይን ጠብታ ፆም እንደማያፈርስ ወስኗል። ልባቸው ካልረጋ ግን ምርመራውን ከረመዳን በፊት ማድረግ ይቻላል። መጾም መቻላቸውንና የመድኃኒታቸውን አወሳሰድ ሐኪም የሚያማክሩትም ያኔ ነው።

ጉዳት ቢገኝ ሕክምና አለው፦ ሌዘር፣ እንደ ቤቫሲዙማብ ያለ ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ፣ ለከፋው ደግሞ ቀዶ ሕክምና። መርፌው አንዴ ተወግተው የሚተዉት አይደለም፤ እየተመላለሱ የሚወስዱት ነው። የጠፋውን እይታ ሁልጊዜ አይመልስም፤ ቶሎ ከተጀመረ ግን ያለውን ያተርፋል። ከሁሉም በፊት የሚመጣው ስኳሩንና የደም ግፊቱን መቆጣጠር ነው። በአሜሪካና በካናዳ ዓይነት አንድ ስኳር ባለባቸው 1,441 ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1993 ውጤቱ የወጣ ጥናት፣ ስኳራቸውን አጥብቀው በተቆጣጠሩት ዘንድ የሬቲና ጉዳት የመጀመሩ ዕድል በ76 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል።

ለራሳችንም አንድ ነገር። ለርቀት እይታ ወፍራም መነጽር የምታደርጉ ወይም ኳስ ዓይናችሁን የመታችሁ፣ ብልጭታ ቢታያችሁ፣ ጥቋቁር ነጠብጣቦች በድንገት ቢበዙባችሁ፣ በአንድ በኩል እንደ መጋረጃ ጥላ ቢወርድባችሁ ሬቲናው እየተላቀቀ ሊሆን ይችላል። ይህም አያምም። ማኩላ ሳይላቀቅ ቀዶ ሕክምና የደረሰለት ሰው እይታው የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ከተላቀቀ በኋላ ግን ዕድሉ ይጠባል። ፈተና እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ የግቢው ክሊኒክ በዚያው ቀን ወደ ዓይን ሐኪም ሪፈር እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ።