ትርፍራፊው እንዳይጠፋ
(ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የተዘጋጀ ትምህርት)



ጌታችን በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ ብዙ ሕዝብ ካጠገበ በኋላ የተረፈው ሁሉ እንዲሰበሰብ ደቀ መዛሙርቱን እንዳዘዘ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 እናነባለን። እንጀራን ሊያበዛ የሚችል ጌታ ስለ ትርፍራፊ ማሰቡ ያስደንቃል። ስጦታው ስለ በዛ አይጣልም ማለቱ ነው።

የእኛ ትርፍራፊ ግን የት ነው? በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ገበያ ሲበተን ፌስታል በአጥር ላይ ተሰቅሎ፣ ሃይላንድ በቦይ ውስጥ ተከማችቶ እናያለን። ስስ ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ በ1999 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከዚያ የጠነከረ ጸድቋል። ሆኖም ቀድሞ የተጣለውን አዋጅ አያነሣውም፤ የሚያነሣው እጅ ነው።

ስለዚህ በየቁምስናችን ግቢ የጋራ የአትክልት ቦታ ስናዘጋጅ ከተጣለው እንጀምር። ደረቅ አፈር ተጠቅጥቆ የተሞላበትን ሃይላንድ ክዳኑን ገጥመን፣ አፉን ወደ ታች አድርገን እስከ ግማሹ ብንቀብረው የመደብ ጠርዝ ይሆናል። ፀሐይ ፕላስቲክን ስለሚያሰባብር ከላይ የሚታየውን በጭቃ እንምረገው። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትን ዕቃ ግን አናስገባ፤ የተረፈውንም ፕላስቲክ አናቃጥል።

ለቲማቲም መደገፊያና ለአጥር ማገር ደግሞ የወፍ ቆሎ (ላንታና) እንጨት ይጠቅማል። ይህ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ወራሪ ቍጥቋጦ ነው፤ ቅጠሉ ከብትን ይመርዛል፤ ፍሬውን ወፎች ይዘሩታል። ስለዚህ ፍሬ ሳይዝ ቆርጠን ሥሩን እንንቀል፤ የተቆረጠው ግንድ ዳግመኛ እንዳይበቅል ፈጽሞ ሳይደርቅ መሬት ላይ አንትከለው።

መልካም አሳብ ብቻውን እንደማይበቃ የአፋር ምድር ይመሰክራል። ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በረሃማነትን ለመግታት ተተክሎ፣ ኋላ የአርብቶ አደሩን ግጦሽ ወረረ። እኛም ወራሪውን ተክል የምንጠቀምበት እንዲያልቅ እንጂ እንዲበዛ አይደለም።

አንድ ነገር እንጨምር። ሃይላንድ ለቅመው ለቁራሌው የሚሸጡ ልጆች በመካከላችን አሉ። ለእኛ ቆሻሻ የሆነው ለእነርሱ የዕለት እንጀራ ነው። ፍጥረትን እንጠብቃለን ብለን ከድኻ እጅ አንንጠቅ፤ ዋጋውን ከፍለን እንግዛቸው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው የምድርን ጩኸትና የድኾችን ጩኸት ለይተው አላዩም።

የጉራጌ አባቶች ጀፎረን ለሠርግና ለልቅሶ፣ ለመስቀልም በዓል የሁሉ መዋያ አድርገው፣ ማንም አጥሩን ገፍቶ እንዳይወስደው በባህላዊ ሕጋቸው ጠብቀዋል። የአትክልት ቦታችንም እንዲሁ የሁሉ ይሁን፤ ከፍሬውም የመጀመሪያው ጎመን ለችግረኛው ጎረቤት ይድረስ።

ለውይይት፦
1. በዚህ ሳምንት ከቤታችን ምን ጣልን? ከዚያ ውስጥ መጀመሪያውኑ ባንገዛው የምንችለው የቱ ነው?
2. በቁምስናችን አጠገብ የትኛው ወራሪ ተክል አለ? ማን ያውቀዋል?
3. የተጣለ የሚለቅሙትን ልጆች በስማቸው እናውቃቸዋለን?

ገነትን እንድናለማና እንድንጠብቅ ለአዳም አደራ የሰጠ አምላክ እጃችንን ይባርክ። አሜን።