የመስኮቱ ዋጋ በካሬ፣ ዕድሜው በኩሽኔታ

አሰላ ላይ ፎቅ የሚያስገነባ ባለሀብት ወደ አሉሚኒየም ሥራ ቤት ሲገባ አስቀድሞ የሚያነሳው ጥያቄ አንድ ነው። «ካሬው ስንት ነው?» ይላል። ሥራ ቤቱም የሚመልሰው በካሬ ሜትር ነው። ክርክሩም ቅነሳውም በዚያች ቁጥር ላይ ይጀመርና እዚያው ያልቃል።

የካሬው ዋጋ ግን የሚናገረው ዓይን ስለሚያየው ነገር ብቻ ነው፤ ስለ ፕሮፋይሉ ቀለምና ስለ መስታወቱ። መስኮቱ ከ3 ዓመት በኋላ በአንድ እጅ መገፋቱን ወይም ሁለት ሰው የሚታገለው መሆኑን የሚወስነው ዕቃ ከተንሸራታቹ ክንፍ ሥር የተደበቀ፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ መንኮራኩር ነው። የዕቃ መደብሩ ሮለር ይለዋል፤ የውስጡን ማሽከርከሪያ የጋራዥ ሰው ኩሽኔታ ብሎ ያውቀዋል። ከጠቅላላው የመስኮት ዋጋ የሱ ድርሻ እጅግ ትንሽ ነው። የካሬው ዋጋ ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚቀነሰውም እሱው ነው፤ ፕሮፋይሉን ቢያሳንሱት ገዢው ያያል፣ ሮለሩን ቢያሳንሱት ግን የሚያየው የለም።

ከሳንቃ ወደ ሃዲድ

በአርሲ ደጋ የመስኮት ነገር ሦስት ደረጃ አልፏል። ቀድሞ የእንጨት ሳንቃ ነበር፤ ሲዘጋ ቤቱን የሚያጨልም፣ በክረምት አብጦ እምቢ የሚል። ቀጥሎ በተለምዶ ኤልቲዜድ የሚባለው የብረት ፕሮፋይል መጣ፤ መስታወቱ በስቱኮ ተለጥፎ በማጠፊያ የሚከፈት። ዛሬ በከተማው በሚሠሩ ሆቴሎች፣ ሱቆችና የኪራይ ቤቶች ላይ በብዛት የሚታየው አሉሚኒየም ተንሸራታች ነው።

ለዚህ ምክንያት አለው። ወደ ውጭ የሚከፈት መስኮት ከሌባ መከላከያ ፍርግርግ ጋር አይስማማም፤ ወደ ውስጥ የሚከፈተውም መጋረጃና አልጋ ይገፋል። ተንሸራታቹ ከሁለቱም ጣጣ ነፃ ነው። ደግሞ በጭላሎ ሥር ያለች፣ ከባህር ወለል በላይ 2,430 ሜትር ግድም ላይ የተቀመጠች ከተማ ነፋስ አያጣትም። በማጠፊያ የተንጠለጠለ መስኮት ነፋስ ሲያላትመው መስታወቱ ይረግፋል፤ ተንሸራታቹ ግን የትም ቢተዉት እዚያው ይቆማል። ጉድለቱ ከቦታው ግማሹ ብቻ መከፈቱ ነው።

ሸክሙ ስንት ነው?

ከአዳማ አሰላ በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው ተንሸራታች መስኮትን ያውቀዋል፤ «ይከፈት»፣ «የለም ብርድ ይመታናል» የሚለውን ክርክርም ጭምር። የአውቶቡሱ መስታወት ያለ ሮለር፣ ጨርቅ መሰል ሽፋን ባለው ቦይ ውስጥ ብቻ ይሄዳል። የሚችለውም ቀላል ስለሆነ ነው። መስታወት በአንድ ካሬ ሜትር፣ በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት 2.5 ኪሎ ይመዝናል። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ባለ 4 ሚሊ ሜትር መስታወት እንግዲህ 2.5 ኪሎ ብቻ ነው።

የሆቴል መስኮት ሌላ ነገር ነው። 1 ሜትር ስፋትና 1.5 ሜትር ቁመት ያለው ክንፍ ባለ 6 ሚሊ ሜትር መስታወት ቢገባለት መስታወቱ ብቻውን 22.5 ኪሎ ይሆናል። የአሉሚኒየሙ ዙሪያ 5 ኪሎ ቢጨምር ከ27 ኪሎ ያልፋል። ይህን የሚሸከሙት ሁለት ሮለሮች ናቸው፤ ለእያንዳንዱ 14 ኪሎ ያህል ይደርሰዋል፤ ያውም ክንፉ በትክክል ተመጣጥኖ ከተቀመጠ። አንደኛው ሮለር ካልነካ ሸክሙ በሙሉ ወደ ሌላው ይዞራል።

የአሰላን ብርድ ያሰበ ባለሀብት ድርብ መስታወት ሲያምረው ሂሳቡን እንደገና መሥራት አለበት። ሁለት ባለ 6 ሚሊ ሜትር መስታወት በዚያው ክንፍ ላይ 45 ኪሎ ነው፤ ከፍሬሙ ጋር ከ50 ኪሎ ያልፋል። ለነጠላ መስታወት የተሠራ ሮለር ይህን አይሸከምም። ሌላም ጣጣ አለ። በባህር ዳርቻ አገር ታሽጎ የመጣ ድርብ መስታወት አሰላ ሲደርስ ያብጣል፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት የባህር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ውስጡ የታፈነው አየር ወደ ውጭ ይገፋል። ስለዚህ አስመጪው ፋብሪካውን የሚገጠምበትን ከፍታ ነግሮ፣ ግፊት ማስተካከያ ቀጭን ቱቦ ያለው እንዲሠራለት ማዘዝ ይገባዋል። ይህን ሳይጠይቅ ያዘዘ ሰው ኮንቴነር ሙሉ ያበጠ መስታወት ሊረከብ ይችላል።

ሮለር ሲገዛ

ገበያ ላይ ያለው ሮለር ሲጠቃለል ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በሽቦ ወይም በተቀጠቀጠ ዘንግ ላይ የሚዞር ተራ ፕላስቲክ ነው። ሁለተኛው በውስጡ ኩሽኔታ ያለው፣ ዙሪያው ናይለን ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ አለዚያም ማይዝግ ብረት የሆነ ነው። ተራው ሮለር አዲስ ሲሆን ከሌላው እኩል ይሄዳል፤ ማታለያውም እዚህ ላይ ነው። መስኮቱ ለሳምንታት አንድ ቦታ ቆሞ ሲከርም ፕላስቲኩ ከሥሩ ጠፍጠፍ ይላል፤ ዘንጉ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ከዚያ በኋላ መንኮራኩሩ መዞሩን ትቶ ይጎተታል። የሚጎተት ሮለር ደግሞ ሃዲዱን ይበላል። አሉሚኒየም ለስላሳ ብረት ነው፤ የሃዲዱ ጫፍ አንዴ ከተበላ አዲስ ሮለር ቢገባለትም ይንገጫገጫል። የርካሹ ሮለር እውነተኛ ዋጋ ሃዲዱ ላይ ነው የሚከፈለው።

ገዢው በመደብር ቆሞ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ፈተናዎች አሉ። ሮለሩን በአውራ ጣት ጫን ብሎ ማዞር፤ ሳይጫኑ ሁሉም ይዞራል። መንኮራኩሩን ወደ ጎን መነቅነቅ፤ አዲስ ሳለ የሚንቀጠቀጥ ለ3 ዓመት አይበቃም። ማግኔት ማስጠጋትም ልማድ ሆኗል፤ ግን ማግኔት ብቻውን አይፈርድም። ለኩሽኔታ የሚሆኑ አንዳንድ ማይዝጉ ብረቶች ማግኔት ይስባቸዋል። ይልቅ ሁለት ሮለር ገዝቶ አንዱን ጨው ባለው ውሃ ለጥቂት ቀናት መንከር እውነቱን ያወጣል። ለአንድ ሕንፃ መቶ ሮለር የሚገዛ ሰው አንድ ቢያበላሽ አይጎዳም።

ማስተካከያ ቪቴ ያለው መሆኑም መታየት አለበት። ከክንፉ ጠርዝ በቀዳዳ ካቻቪቴ አስገብቶ ሮለሩን ከፍና ዝቅ ማድረግ ካልተቻለ፣ ሕንፃው ትንሽ ሲቀመጥ ወይም ሮለሩ ሲበላ ክንፉ ያጋድላል፤ ቁልፉም ከመያዣው ጋር አይገጥምም። በየቤቱ «ቁልፉ ተበላሸ» ተብሎ የሚለወጠው ቁልፍ ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ የወረደው ክንፉ ነው።

ክንፉን የሚይዘው ምንድን ነው?

መንቀሳቀሱ አንድ ነገር ነው፤ ከቦታው አለመውጣቱ ደግሞ ሌላ፣ ይበልጥም ከባድ ጉዳይ ነው። ተንሸራታች ክንፍ ሲገጠም ወደ ላይ ተነስቶ የላይኛው ቦይ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ታች ወርዶ ሃዲዱ ላይ ይቀመጣል። እንግዲህ በገባበት መንገድ ሊወጣም ይችላል። ምድር ቤት ላይ ይህ ለሌባ በር ነው፤ የተቆለፈ ክንፍ እንኳ ከውጭ ተነስቶ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ፎቅ ላይ ደግሞ መንገደኛ ላይ የሚወድቅ 27 ኪሎ መስታወት ነው።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ክንፉ የላይኛው ቦይ ውስጥ 10 ሚሊ ሜትር ገብቶ ነበር እንበል። ሮለሩ ተበልቶ ክንፉ 4 ሚሊ ሜትር ቢወርድ የቀረው 6 ነው። ሥራ ቤቱ ከመጀመሪያው ክንፉን አሳጥሮ ቆርጦት 6 ብቻ ገብቶ ከነበረ ደግሞ የሚቀረው 2 ነው፤ በጭላሎ ነፋስ ፊት 2 ሚሊ ሜትር ማለት ምንም ማለት ነው። ርካሽ ሮለር መስኮቱን ከማክበዱ በፊት እንዲህ ያላላዋል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ክንፉ ከተገጠመ በኋላ የላይኛው ቦይ ውስጥ ክፍተቱን የሚሞላ ትንሽ የፕላስቲክ ቁራጭ ይታሰራል፤ ወደ ላይ መነሳትን ይከለክላል። መሐል ላይ ሁለቱ ክንፎች የሚገናኙበት ቋሚ ዘንግ አንዱ ሌላውን የሚይዝ መንጠቆ አለው፤ ነፋስ ሲገፋ ክንፉን ከመታጠፍ የሚጠብቀው እሱ ነው። ዙሪያውን ያለው ብሩሽም ለብርድና ለአቧራ ብቻ አይደለም፤ ክንፉ ወደ ጎን እንዳይንገዋለል ይይዘዋል። ብሩሹ ሲያጥር መስኮቱ በነፋስ ያንኳኳል። አስተናጋጆች «የሚያንኳኳ ክፍል» የሚሉት ክፍል ምሥጢሩ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

በሌላው ዓለም ወደ ላይ የሚከፈት ተንሸራታችም አለ። እንግሊዞች ከ1600ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በገመድ፣ በመዘውርና በሚዛን ብረት አንጠልጥለውት ኖረዋል፤ 20 ኪሎ ክንፍ በግራና በቀኝ 10፣ 10 ኪሎ ብረት ይታሰርለታል፤ ሕፃን ልጅ ያነሳዋል። ገመዱ ሲበጠስ ግን ጣት አይምርም። ለአርሲ ገበያ አያዋጣም።

ግራሶ፣ ሲሚንቶና ውሃ

ደህና ሮለር ተገዝቶም መስኮት ይበላሻል። ዋናው ጥፋት የሚደርሰው ከመመረቁ በፊት ነው። ልስን ሳያልቅ የተገጠመ መስኮት ሃዲዱ ውስጥ ሲሚንቶ ይወድቅበታል። እርጥብ ሲሚንቶ የአሉሚኒየሙን ሽፋን ይበላል፤ ሲደርቅ ደግሞ ለሮለሩ ድንጋይ ይሆንበታል። ልስኑ ካለቀ በኋላ መግጠም፤ ካልተቻለ ሃዲዱን በፕላስተር መሸፈን ነው።

የፍሬሙ ቀጥነት ሁለተኛው ነው። ግንበኛው በውሃ ልክና በቱንቢ የሠራውን የአሉሚኒየም ሠራተኛው ቪቴ አጥብቆ ሊያጣምመው ይችላል። ከማዕዘን ማዕዘን ሁለቱን ሰያፍ መለካት ይበቃል፤ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያዩ ይታረም። ከፍሬሙ በላይ ትንሽ ክፍተት መተውም ግድ ነው፤ አለዚያ ሸክሙ ከግድግዳው ወደ መስኮቱ ይወርዳል። የጎን ክፍተትም ያስፈልጋል። የ2 ሜትር ሃዲድ በ20 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በደጋ ደግሞ የሌሊቱ ብርድና የቀትሩ ፀሐይ እጅግ የተራራቁ ናቸው።

ሃዲዱ ወደ ውጭ ውሃ የሚያስወጣ ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል። ሲሊኮን የሚቀባው ሠራተኛ ለጥንቃቄ ብሎ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ ክረምት ሲገባ ሮለሩ ኩሬ ውስጥ ይቆማል። ሕንፃ የሚረከብ ሰው አንድ ብርጭቆ ውሃ ሃዲዱ ላይ አፍስሶ በየት እንደሚወጣ ይመልከት። ወደ ውስጥ ከወጣ ወይም ከቆመ ፊርማውን ይያዝ።

የከበደ መስኮት ላይ ግራሶ መቀባት ደግሞ የተለመደ መድኃኒት ነው፤ በሽታውን ያብሰዋል። በስንዴና በገብስ አገር፣ ኮምባይነር በሚሠራበት ወራት የጭዱ ብናኝ ከተማውንም ያለብሰዋል። ግራሶና ብናኝ ሲቀላቀሉ ብረት መሳያ ሊጥ ይሆናሉ። ሃዲዱን በደረቅ ብሩሽ መጥረግ፣ ካስፈለገም የማያጣብቅ የሲሊኮን ርጭት መጠቀም ነው የሚሻለው።

መለዋወጫው የት ይገኛል?

ለነጋዴው ትልቁ ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ሮለር እንደ ሚስማር ለሁሉም የሚሆን ዕቃ አይደለም። የሮለሩ ቤት ከፕሮፋይሉ ቦይ ስፋት ጋር መግጠም አለበት፤ ቦዩ ደግሞ ከአምራች አምራች ይለያያል። አስመጪው ምንጩን ሲለውጥ የቀድሞው ሮለር አብሮ ይጠፋል። የሆቴሉ ባለቤት ናሙና በኪሱ ይዞ 175 ኪሎ ሜትር ግድም ተጉዞ አዲስ አበባ የሚዞረው ለዚህ ነው።

ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ያኔ መለዋወጫ አስቀምጦ የነበረ ባለሕንፃ እንደ ብልህ ታይቷል። 40 መስኮት ያለው፣ እያንዳንዱም ሁለት ክንፍ የሚንቀሳቀስበት ሕንፃ 160 ሮለር ይፈልጋል። ከመቶ 10 ጨምሮ 16 ትርፍ ሮለር፣ ጥቂት ጥቅል ብሩሽና ጥቂት ቁልፍ ከዋናው ዕቃ ጋር ማስገዛት በጠቅላላው ዋጋ ላይ ብዙም አይታወቅም። ውሉ ላይ «ተንሸራታች መስኮት በካሬ ይህን ያህል» ብቻ ከመጻፍ የፕሮፋይሉ ዓይነት፣ የሮለሩ ዓይነትና የሚሸከመው ኪሎ፣ የመነሻ መከልከያው መኖርና የትርፉ ብዛት ቢሰፍር ሥራ ቤቱም የሚከራከርበት ነገር ይታወቃል።

ሕንፃ የሚያከራይ ወይም የሚያሻሽጥ ደላላም ደንበኛውን ከማምጣቱ በፊት መስኮቶቹን በሁለት ጣት ገፍቶ ይይ። ተከራይ ክፍል ሲገባ በመጀመሪያ ከሚነካቸው ነገሮች አንዱ መስኮቱ ነው፤ ያልተከፈተለት መስኮት የኪራዩ ክርክር ላይ ይመጣል።

የትዕዛዙ ጊዜም ይታሰብ። በአርሲ የመኸር ምርት ከህዳር ጀምሮ ይሰበሰብና ገንዘቡ ወደ ቤት ግንባታ ይዞራል፤ ሥራ ቤቶቹም ያኔ ይጣበባሉ። በጥድፊያ ወራት የሚሠራ መስኮት የሰያፍ ልኩን የሚለካለት ሠራተኛ አያገኝም። ከመኸር በፊት ያዘዘ፣ ከመጨረሻው ክፍያም ጥቂቱን አንድ ክረምት እስኪያልፍ የሚያስቀር ውል የተዋዋለ ባለሀብት ሃዲዱ ውሃ እንደሚያቁር በወጪው ሳይሆን በሥራ ቤቱ ወጪ ያውቃል።