የኢንተርኩለር ቧንቧ ስፋት አመራረጥ፦ በአዲስ አበባ ከፍታ ለሚሠራ ባለ ተርቦ ሞተር

መግቢያ

ተርቦ የጨመቀው አየር ወደ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት በኢንተርኩለር ውስጥ አልፎ ይቀዘቅዛል። ተርቦውን፣ ኢንተርኩለሩንና ማኒፎልዱን የሚያገናኙት ቧንቧዎች ስፋት ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ከሞተሩ በሚጠበቀው የፈረስ ጉልበት ወይም በተርቦው ግፊት ነው። ጉልበት በጨመረ ቁጥር ቧንቧው መስፋት አለበት የሚለው አስተሳሰብ ግን የአየሩን መጠነ ቁስ ከይዘቱ ጋር ያምታታል። ይህ ጽሑፍ የቧንቧው ስፋት በዋናነት በሞተሩ ይዘትና በዙር ፍጥነቱ እንደሚወሰን፣ የአዲስ አበባ ከፍታም በተለይ የሚነካው ከኢንተርኩለሩ በፊት ያለውን ቧንቧ እንደሆነ በስሌት ያሳያል።

የስሌቱ መሠረት

ለምሳሌ 2.0 ሊትር ይዘት ያለው ባለ አራት ምት የቤንዚን ሞተር በደቂቃ 6000 ዙር ሲሽከረከር ይወሰድ። የሲሊንደሮቹ የአየር አሞላል ብቃት 0.9፣ በማኒፎልዱ ያለው ፍጹም ግፊት 200 ኪሎፓስካል፣ የአየሩ ሙቀት 320 ኬልቪን ይሁን። እያንዳንዱ ሲሊንደር በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ስለሚሞላ ሞተሩ በሴኮንድ 0.09 ሜትር ኩብ አየር ይወስዳል። ይህን ቁጥር ለማግኘት የተርቦው ግፊት አላስፈለገም። ግፊቱ ሲያድግ የሚያድገው የአየሩ እፍግታ እንጂ ከኢንተርኩለሩ በኋላ ባለው ቧንቧ የሚያልፍበት ፍጥነት አይደለም። የግፊት ኪሳራው ከእፍግታው ጋር ቢጨምርም፣ ጠቅላላው ግፊት በዚያው ልክ ስለሚጨምር የኪሳራው ድርሻ እንዳለ ይቆያል።

የሦስት ስፋቶች ንጽጽር

ከኢንተርኩለሩ እስከ ማኒፎልዱ ያለው ቧንቧ 2 ሜትር ርዝመትና አራት ባለ 90 ዲግሪ መታጠፊያዎች እንዳሉት ይታሰብ። የሰበቃ ቁጥሩ 0.02፣ የእያንዳንዱ መታጠፊያ የኪሳራ ቁጥር 0.3 ሲሆን የሚከተለው ይገኛል። የውስጥ ዲያሜትሩ 51 ሚሊ ሜትር በሆነ ቧንቧ አየሩ በሴኮንድ 44 ሜትር ይጓዛል፤ ኪሳራውም 4.2 ኪሎፓስካል ነው። በ63 ሚሊ ሜትር ፍጥነቱ ወደ 29 ሜትር፣ ኪሳራው ወደ 1.7 ኪሎፓስካል ይወርዳል። በ76 ሚሊ ሜትር ደግሞ 20 ሜትርና 0.7 ኪሎፓስካል ይሆናሉ። የመጀመሪያው ማስፋት 2.5 ኪሎፓስካል ሲያተርፍ ሁለተኛው የሚያተርፈው 1 ገደማ ብቻ ነው።

ከ63 ሚሊ ሜትር ኪሳራ ውስጥ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው የመታጠፊያዎቹ ድርሻ ነው። ሁለት መታጠፊያዎችን ማስቀረት ወደ 76 ሚሊ ሜትር በመስፋት ከሚገኘው ጥቅም ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ያስገኛል። በአንጻሩ የኢንተርኩለሩ መውጫ 51 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሳለ በድንገት ከ76 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ጋር ቢገጠም በመጋጠሚያው ብቻ 0.6 ኪሎፓስካል ይጠፋል። ስለዚህ ስፋቱ ቀስ በቀስ የሚያድግ መሸጋገሪያ ያስፈልጋል።

ሰፊ ቧንቧ የሚሞላው አየርም ይበዛል። የ63ቱ ቧንቧ ይዘት 6.2 ሊትር፣ የ76ቱ 9.1 ሊትር ነው። ነጂው ነዳጅ ሲሰጥ ተርቦው ሞተሩ ከሚወስደው በላይ በሴኮንድ 0.02 ኪሎ ግራም አየር ቢያቀርብ፣ ግፊቱን ከ100 ወደ 200 ኪሎፓስካል ለማድረስ ሰፊው ቧንቧ 0.15 ሴኮንድ ያህል ተጨማሪ ጊዜ ይወስዳል።

በሙያው የተለመደው «የአየሩ ፍጥነት ከድምፅ ፍጥነት 0.4 እጅ አይብለጥ» የሚለው መመሪያም ለምርጫ አይበቃም። በዚህ ሙቀት 0.4 እጅ በሴኮንድ 143 ሜትር ነው። ቧንቧው እስከዚያ ቢጠብብ ኪሳራው በዚሁ ስሌት ከ50 ኪሎፓስካል ያልፋል።

የከፍታ ተጽዕኖ

በአዲስ አበባ የአየር ግፊት 76 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። በማኒፎልዱ ያንኑ 200 ኪሎፓስካል ለማግኘት የተርቦው የመጭመቅ ምጥጥን በባሕር ጠለል ከነበረበት 2.0 ወደ 2.6 ከፍ ማለት አለበት። የሚገባው አየር 293 ኬልቪን፣ የመጭመቂያው ብቃት 0.7 ቢሆን፣ ከተርቦው የሚወጣው አየር ሙቀት ከ112 ወደ 153 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያድጋል። ስለዚህ ከኢንተርኩለሩ በፊት ባለው ቧንቧ የአየሩ ፍጥነትም ሆነ የግፊት ኪሳራው በ11 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ኢንተርኩለሩ አየሩን ወደዚያው 320 ኬልቪን እስከመለሰው ድረስ ግን ከእርሱ በኋላ ያለው ቧንቧ ለውጥ አይታይበትም። በመሆኑም ሞቃቱ ቧንቧ ከቀዝቃዛው ይጥበብ የሚለው ልማድ በከፍታ ቦታ ይበልጥ ይዳከማል።

ጉዳዩ የተርቦውን ዕድሜም ይመለከታል። አንድ ኪሎፓስካል ሲጠፋ የመጭመቅ ምጥጥኑ በባሕር ጠለል በ0.010፣ በአዲስ አበባ ግን በ0.013 ማደግ ይኖርበታል። ይህ ጭማሪ የሚመጣው ቀድሞውኑ በፍጥነት በሚሽከረከር ተርቦ ላይ ነው።

ማጠቃለያ

ለተጠቀሰው ሞተር በሁለቱም በኩል 63 ሚሊ ሜትር ተገቢ ምርጫ ነው፤ ፍጥነቱ በቀዝቃዛው በኩል 29፣ በሞቃቱ በኩል በአዲስ አበባ ከፍታ 38 ሜትር በሴኮንድ ይሆናል። ለሌላ ሞተርም መነሻው ይዘትና ከፍተኛው የዙር ፍጥነት ሊሆን ይገባል። ከዚህ በላይ የሚወጣው ገንዘብ ቧንቧ ከማስፋት ይልቅ መታጠፊያ ለመቀነስና መጋጠሚያዎችን ለማስተካከል ቢውል የበለጠ ይጠቅማል። ስሌቱ የኢንተርኩለሩን የራሱን የግፊት ኪሳራና የአየሩን የምት መዋዠቅ አላካተተም፤ በአንድ የተወሰነ መኪና ላይ ሲሠራበት ከተርቦው መውጫና ከማኒፎልዱ መግቢያ የሚወሰድ የግፊት ልኬት ሊያሟላው ይገባል።