የዓሣ ነባሪ አዳኞችን መዝገብ ስለ ማንበብ

በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት የሚገኘው የኒው ቤድፎርድ የዓሣ ነባሪ አደን ቤተ መዘክር በ19ኛው መቶ ዓመት የነበሩትን የአዳኝ መርከቦች የዕለት መዝገቦች ጠብቆ ይዟል። የገጾቹን ፎቶግራፍ እያየሁ የተማርሁትን የአነባበብ ዘዴ ለጓደኞቼ ላካፍል እወዳለሁ።

አንደኛ፤ ከታወቀው ወዳልታወቀው መሄድ ይገባል። ቀኑ፣ ነፋሱ፣ የመርከቧ አቅጣጫና ኬክሮሱ በየዕለቱ ስለሚጻፉ፣ የጸሐፊውን የፊደል መልክ ከእነርሱ መለየት ይቻላል።

ሁለተኛ፤ ሁለት «ኤስ» ሲከታተሉ የፊተኛው ረዝሞ «ኤፍ» ሊመስል ይችላል።

ሦስተኛ፤ ብዙዎቹ ጸሐፊዎች ጆሯቸው እንደ ሰማ ይጽፉ ስለ ነበር፣ በዓይን ያልተለየውን ቃል ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ይጠቅማል።

አራተኛ፤ በኅዳጉ ላይ የዓሣ ነባሪ ማኅተም ቢገኝ በመካከሉ ባለው ባዶ ስፍራ የተገኘው ዘይት በበርሜል ተቈጥሮ ይጻፋል፤ ጅራት ብቻ ከታተመ ግን አመለጠ ማለት ነው።

ስንገለብጥ የጸሐፊውን አጻጻፍ ማረም አይገባንም። ዛሬ ሊቃውንት የዚያን ዘመን ነፋስ ከእነዚህ መዝገቦች ያጠናሉ፤ ኬክሮስ 31ን 37 ብሎ የገለበጠ ሰው መርከቧን ከነነፋሷ 660 ኪሎ ሜትር ያህል ያርቃታል። ስለዚህ ያልተነበበውን ቃል በግምት ከመሙላት ስፍራውን ባዶ መተው ይሻላል።