ምዕራፍ 7፦ ቀኑን ለፀሐይ አስገዙ፤ በስምጥ ሸለቆ ለሚዞር ትርኢተኛ

ከአገር አገር እየዞረ ሕዝብ የሚያዝናና ሰው ለእኛ እንግዳ አይደለም። አዝማሪው ማሲንቆውን አንግቦ ከሠርግ ሠርግ ሲዞር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1991 አዲስ አበባ ላይ ሰርከስ ኢትዮጵያ ሲመሠረት ደግሞ ዘዋሪው ትርኢተኛ አዲስ መልክ ያዘ፤ ጅማ፣ መቀሌና ናዝሬትም (የዛሬዋ አዳማ) የየራሳቸውን ቡድን አወጡ። ምንጣፍና ብረት በመኪና ጭነው ከአዳማ ወደ ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱና ሻሸመኔ የሚጓዙ ወጣቶች ትልቁ ሀብታቸው ገላቸው ነው። ይህን ገላ ከሙቀት የሚጠብቀው የቀኑ ሰዓት አደላደል ነው።

1. ቁልቁል ስትወርዱ ቀስ በሉ

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ አዳማ ከ1,600 ሜትር ጥቂት ከፍ ብላ፣ መተሐራ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በታች ይገኛሉ። በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ገላ ሙቀትን ለመልመድ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈልጋል። ስለዚህ ጉዞውን ከአዳማ ጀምራችሁ መተሐራን መጨረሻ ላይ አድርጉት፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ትርኢት ደግሞ አሳጥሩ። በተለይ ከመጋቢት እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ይህን አትርሱ።

2. ቀኑን ለአራት ክፈሉት

ንጋት ለመንገድና ለልምምድ ነው። ጎማ ሳይሞቅ ነፋሱን ለኩ፣ የራዲያተሩንም ውሃ ሞተሩ ሳይነሳ እዩ። ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት የጥላና የእንቅልፍ ጊዜ ነው። ትርኢቱ ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ይጀመር። ግን አታምሹ፤ የወባ ትንኝ የምትናከሰው ከምሽት ጀምሮ ነውና 12 ሰዓት ሳይሞላ ጨርሱ። ሌሊቱ ደግሞ የአጎበር ነው። ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ወራት ወባ ስለሚበረታ አጎበር የሌለው ሰው አብሯችሁ አይጓዝ።

ዕቃውንም እንደ ሰው ጠብቁት። ቀትር ላይ ፀሐይ ላይ የቆየ የትራፒዝ ብረት መዳፍ ይልጣል። ብረቱን በጆንያ ሸፍናችሁ አቆዩት፤ ከመያዛችሁ በፊት የእጃችሁን ጀርባ አስነኩት። አምስት እስክትቆጥሩ ካላስቻላችሁ ያ ብረት ገና አልበረደም። የከበሮ ቆዳ ፀሐይ ሲመታው ይወጠርና ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲበዛበትም ይሰነጠቃል፤ ከጥላ ሥር አስቀምጡት።

3. ሳይጠማችሁ ጠጡ

የሚገለባበጥ ሰው በሙቀት በአንድ ሰዓት 1 ሊትርና ከዚያም በላይ ላብ ሊያወጣ ይችላል። ከላቡ ጋር ጨው ይወጣል። ላብ ለበዛበት ወይም ተቅማጥ ለያዘው ሰው በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ፤ ማንኪያው ትክክል የተሞላ እንጂ የተከመረ አይሁን። ሽንታችሁ ከጠቆረ ውሃ አንሷችኋል። በረመዳን የሚጾም ባልደረባ ካለ ከባዱን ክፍል ሌላው ይሸከምለት፤ ጾሙን ማክበርም፣ ጤናውን መጠበቅም የቡድኑ ግዴታ ነው።

4. ድንኳን የሚተከልበት ቦታ

ላንጋኖ ዳር ድንኳን ለመትከል ምቹ ስፍራዎች አሉ። በዝዋይ (ደምበል) ሐይቅ ግን ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ይወጣልና ከዳርቻው ራቁ። ውሃው ቢልሃርዚያ ስላለበት ገላ አትታጠቡበት፣ ልብስም አትጠቡበት። ደረቅ የወንዝ ቦይ ውስጥ በፍጹም አትደሩ፤ ደጋ ላይ የዘነበ ዝናብ እናንተ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያያችሁት ጎርፍ ሆኖ ይደርሳል። የግራር ጥላ መልካም ነው፤ ምንጣፍ ከመዘርጋታችሁ በፊት ግን እሾኹን ለቅማችሁ አውጡ። የድንኳኑን በር ነፋሱ ወደሚመጣበት አዙሩት።

5. የሙቀት ምትን ለዩ

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ቁርጠት የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሰውየውን ጥላ ሥር አሳርፋችሁ ውሃ ስጡት። ንግግሩ ከተዘባረቀ፣ ከተንገዳገደ ወይም ራሱን ከሳተ የሙቀት ምት ሊሆን ይችላል፤ ሕይወት ይቀጥፋል። ወዲያው ልብሱን አላሉ፣ መላ ሰውነቱን በቀዝቃዛ ውሃ አርሱ፣ አራግቡለት። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አትስጡ። እያቀዘቀዛችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ለቡድን መሪ

ሕዝብ ከቦ ሲያጨበጭብ አንድም ልጅ "ደክሞኛል" አይልም። ስለዚህ ትርኢት የማቋረጥ ሥልጣን ያለው ሰው ከመነሻው ይታወቅ፣ ውሳኔውም አይጠየቅ። ገንዘቡ ቢቀር ነገ ይተካል፤ የልጅ ሕይወት ግን አይተካም። ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ምሽት የየቀኑን አራት ክፍል በወረቀት ጻፉት፣ ለሁሉም አንብቡት፣ የሚያቋርጠውንም ሰው ስም ከላይ አስፍሩት።