ቅር ያለንን ነገር ለማን እንናገር?

ስፖርት የወጣትን አካል የሚያጠነክር፣ ጊዜውንም ከአልባሌ ቦታ የሚያድን መልካም ልማድ ነው። በተለይ በአዲሱ ገበያና በአካባቢው የምናድግ ወጣቶች ለሩጫ የታደለ ሠፈር አለን። ከበላያችን እንጦጦ አለ፤ ከፊታችን ወደ ሱሉልታ የሚወስደው መንገድ ተዘርግቷል። ቱታ ለብሰው በማለዳ የሚሮጡትን ስናይ «እኛስ?» ማለታችን አይቀርም። ከዚህም የተነሣ ብዙዎቻችን በሩጫ፣ በእግር ኳስ ፕሮጀክት ወይም በቴኳንዶ ጀማሪ ቡድን ውስጥ ገብተናል።

ዳሩ ግን አንዲት ጀማሪ እኅታችን በቅርቡ አንድ ከባድ ነገር አንሥታልናለች። አሠልጣኟ ከልምምድ በኋላ ብቻዋን ያስቀራታል፤ ወጌሻ ሳለ «እግርሽን እኔ ልሽልሽ» ይላታል፤ ማታ ማታ በስልክ መልእክት ይልክላታል፤ «ይህን ለቤተሰብ እንዳትናገሪ» ብሎም ያስጠነቅቃታል። እርሷም «ምንም አላደረገኝም፤ ነገር ግን ቅር ይለኛል። ለልምምድ ስነሣ ሆዴ ይጨነቃል። ምንም ሳይሆን ብናገር ስም ማጥፋት አይሆንብኝም ወይ?» ስትል ጠየቀችን። የዚህ ትምህርት ዓላማ ይህን ጥያቄ መመርመር ነው።

1ኛ. ኃይለኛ አሠልጣኝ ሁሉ ክፉ ነውን?

አይደለም። ዳገቱን አሥር ጊዜ የሚያስደግም፣ ያረፈደውን የሚቆጣ አሠልጣኝ ሥራውን እየሠራ ሊሆን ይችላል። በቴኳንዶም ሆነ በጅምናስቲክ አቋቋምን ለማስተካከል ክንድ መያዝ ያጋጥማል። ስለዚህ ልዩነቱን ለማወቅ አራት ነገሮችን እንጠይቅ። የሚያደርገው ለሁሉም ነው ወይስ ለአንዲት ብቻ? በሰው ፊት ነው ወይስ በስውር? ምክንያቱ ከልምምዱ ጋር ይገናኛልን? «ተው» ሲባልስ ይተዋልን? ከእነዚህ ሁሉ ከባዱ ምልክት ምሥጢር ነው። ከእናት የሚደበቅ የሩጫ ልምምድ የለምና።

2ኛ. ስለ ምን ዝም እንላለን?

ጀማሪ የስፖርቱን ልማድ ገና አያውቅም። ያልገባውን ሁሉ «ስፖርት እንዲህ ነው መሰለኝ» ብሎ ይቀበላል። በዚያ ላይ ለውድድር የሚመርጠውም፣ ጫማ ሲመጣ የሚያድለውም አሠልጣኙ ነው። መምህርን እንደ አባት ማክበርን ተምረን ያደግን በመሆናችንም ይሉኝታ ይይዘናል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረትም አለ። የሆነ ሆኖ አባቶቻችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ብለውም ተናግረዋል። የመጀመሪያው ለወሬ ይሠራል፤ ሰው ለሚጎዳበት ነገር ግን የሚሠራው ሁለተኛው ነው።

3ኛ. ዝምታ ምን አመጣ?

ከአገራችን እንጀምር። ሰርከስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 በአዲስ አበባ ተመሥርቶ ብዙ ሕፃናትንና ወጣቶችን በአክሮባት ያሠለጠነ ቡድን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ከአባላቱ በርካታዎቹ አውስትራሊያ ላይ ጥገኝነት ጠየቁ፤ በቡድኑ መሪ ላይም የበደል ክስ አሰሙ። እኛ እዚህ ላይ ፍርድ አንሰጥም። ነገር ግን ቃላቸው ዓለም የሰማው ባሕር ከተሻገሩ በኋላ መሆኑን ልብ እንበል። ልጅ ምግቡም፣ ሥልጠናውም፣ ተስፋውም በአንድ ሰው እጅ ሲሆን በዚያ ሰው ላይ መናገር እጅግ ይከብደዋል።

በአሜሪካም የጅምናስቲክ ቡድን ሐኪም የነበረው ላሪ ናሳር እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ሲፈረድበት ከ150 በላይ ሴቶች ቀርበው በደላቸውን ተናግረዋል። ከእነርሱ መካከል ገና በ1997 ለአንዲት አሠልጣኝ ነግረን ነበር ያሉ ነበሩ። ጉዳዩ በጋዜጣ የወጣው ግን በ2016 ነው። እንግዲህ መናገር ብቻውን አይበቃም፤ የሚሰማ ሰውም ያስፈልጋል ማለት ነው።

4ኛ. ሕጉ ምን ይላል?

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ እንዲጠበቁ ደንግጓል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች በሆኑ ልጆች ላይ የሚፈጸም የክብረ ንጽሕና ድፍረትን ይቀጣል፤ ተበዳይዋ የአጥፊው ተማሪ ወይም በአደራ የተሰጠችው ልጅ ስትሆን ቅጣቱን ያከብደዋል። ሕጉ አደራን ከቁም ነገር የቆጠረው ለዚህ ነው። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው መግለጫ ይህ ዓይነቱ በደል በሁሉም ስፖርትና በሁሉም ደረጃ እንደሚገኝ አስታውቋል።

5ኛ. እንግዲህ ምን እናድርግ?

ሀ. ቅር ማለት ማስረጃ አይደለም፤ ግን መልእክተኛ ነው። በሠፈር ማውራት ስም ማጥፋት ሊሆን ይችላል። ያዩትንና የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ለወላጅ ወይም ለሚታመን ታላቅ መናገር ግን ስም ማጥፋት አይደለም።

ለ. ቀኑንና የተባለውን በደብተር እንጻፍ፤ የስልክ መልእክቱንም አናጥፋ።

ሐ. ጓደኛችንን ብቻዋን አንተዋት። አብረናት እንቆይ፤ አብረናት ወደ ቤት እንሂድ።

መ. ወላጆች ሜዳ ድረስ ይምጡ፤ ማሸት ካስፈለገ ወጌሻው በሰው ፊት ያድርገው ብለው ይጠይቁ። ቅን አሠልጣኝ በዚህ አይቆጣም፤ እርሱንም ከሐሜት ይጠብቀዋልና።

ሠ. መንካት ወይም ማስፈራራት ከተፈጸመ ግን ሽምግልና ቦታው አይደለም። ወደ ወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤትና ወደ ፖሊስ መሄድ ይገባል። ለተጎዱ ሴቶችና ሕፃናት ሕክምናና የሕግ ርዳታ በአንድ ላይ የሚሰጥ ማዕከል በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ይገኛል።

እኅታችን ለእናቷ ነግራለች፤ እናቷም ከዚያ ቡድን አውጥታታለች። ዛሬ ከሌሎች ልጆች ጋር ትሮጣለች። ነገር ግን በተወችው ቦታ ነገ ሌላ ጀማሪ ይገባል። ስለዚህ የእርሷ መውጣት የጉዳዩ መጨረሻ ሊሆን አይገባም፤ ወላጆች ተሰብስበው ቡድኑን ለሚመሩት ሰዎች ጉዳዩን እንዲያቀርቡ እንማጠናለን።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. ጥብቅነትንና በደልን በምን እንለያለን?
2. ታናሽ እኅታችን ወይም ወንድማችን «ቅር ይለኛል» ቢሉን የመጀመሪያ ቃላችን ምን ይሁን?