የአርኤክስ-7ን ሞተር መቀየር ያዋጣል?
ማዝዳ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2002 ባመረተው አርኤክስ-7 ውስጥ ያለው ሞተር 1.3 ሊትር ብቻ ነው። ፒስተን የለውም፤ ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተሮች ይሽከረከራሉ፣ ሁለት ቱርቦዎች አየር ይጨምቁለታል። ታዲያ ብዙ አሜሪካውያን ይህን አውርደው የሼቭሮሌትን ባለ 5.7 ሊትር ቪ8፣ ኤልኤስ1ን፣ የሚገጥሙት ለምንድን ነው? ለጉልበት ብቻ እንዳይመስላችሁ! ሮተሮቹ ጫፍ ላይ ያሉት ማሸጊያዎች ሙቀት ሲበዛ ወይም ነዳጅ ሲያንስ ይሰበራሉ፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ወርዶ መፈታቱ ነው። ኤልኤስ1 ግን ቱርቦ ሳይጠብቅ ከዝቅተኛ ዙር ጀምሮ ጉልበት ይሰጣል፤ አሉሚኒየም ስለሆነም የሚፈራውን ያህል አይከብድም።

ወጪው ግን ሞተሩን በመግዛት አያልቅም። ካምቢዮው፣ የሞተር መቀመጫው፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ ሁሉ አብሮ ይቀየራል። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ሮተሪው ጤነኛ ከሆነ ገንዘቡ ማቀዝቀዣውን ለማጠናከር ይዋል። ከሞተ ደግሞ የማሳደሻውና የመቀየሪያው ሂሳብ ጎን ለጎን ይታይ። እስከ 8000 ዙር የሚወጣውን ድምፅ የወደደ ሰው መቼም ሂሳብ አይሰማም።